ለእቴ ዘይነባ ያስተረጎምኩበት ዓመት

ባለፈው ወር መካ ሄጄ፣ መንሱር ሰፈር አባቴ የልብስ ስፌት ሱቅ ከነበረበት ሕንጻ ፊት ለፊት ሳልፍ፣ ሠራተኞች መንገዱን ቆፍረው የውሃ ቧንቧ ይቀይሩ ነበር። ከታች የወጣው ቀላ ያለ አፈር ረጥቦ ተከምሯል። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ እግሬ ቆመ። አንዱ በትከሻው ገፋኝ፤ ባለጋሪው "ያላ! ያላ!" እያለ ጮኸብኝ። እኔ ግን እቴ ዘይነባን ነበር የማያት፤ እጅጌዋን ሰብስባ፣ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና።

እቴ ዘይነባ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ወደ ሳዑዲ የመጣችው የወሎ ሴት ለቤት ሠራተኝነት በአውሮፕላን በሚጎርፍበት ጊዜ ነው። እኛ መካ የቆየን ቤተሰብ ስለሆንን ሳሎናችን ከፍራሽ ጸድቶ አያውቅም። ከፊል የሚሉትን ዋስ አሠሪዋን የምትቀይር፣ ሥራ የምትጠብቅ፣ ታማ የወጣች፣ ሁሉም እኛ ጋ ታርፋለች። እቴ ግን ከአየር ማረፊያ በቀጥታ ጅዳ ወደሚገኝ አንድ ቤት ተወሰደች።

ከሁለት ወር በኋላ አሠሪዋ ለአባቴ ደወለች።

"እህትህ ወርቅ ናት፤ ግን አንግባባም" አለችው። "ሰምን ስላት ሳቡን ታመጣለች። ትናንት ለሩዙ ቅቤ ብዬ ሳሙና ይዛ መጣች። አረብኛ የምታውቅ ልጅ የለህም?"

ነበርኩለት። የአስር ዓመት ልጅ ነኝ፤ በዚያ ዓመት ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በጊዜ ሳይታደስ ቀርቶ ትምህርት ቤት አልተመዘገብኩም። ጓደኞቼ ቦርሳ አዝለው ሲያልፉ በመስኮት ከማይ ጅዳ ልሂድ ብዬ አባቴን አስቸገርኩት። ራሱ ወሰደኝ። የመኖሪያ ወረቀት የሚፈተሽበት ሹመይሲ ኬላ ስንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ዝም አለ፤ ካለፍን በኋላ ወሬው ካቆመበት ቀጠለ።

አሠሪዋ ጡረታ የወጣች የሥዕል አስተማሪ ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ ልጆቿ ውጭ አገር ናቸው። ማዳም መባል አትወድም። በሂጃዝ ሴት አስተማሪ አብላ ስለምትባል እኛም አብላ እንላታለን። ቤቷ የቀለም ሽታ አለው። ግድግዳው ላይ ሰው የሚያክሉ ሸራዎች ተሰቅለዋል፤ ቀጫጭን ግመሎች፣ ቀንዳቸው ወደኋላ የተቀለበሰ ፍየሎች፣ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሱ ሰዎች።

"የልጆችሽ ሥዕል ነው?" አልኳት።

ሳቀች። "የእኔ ነው። እኔ ግን ያየሁት ድንጋይ ላይ ነው። ከታሪክ በፊት የነበሩ ሰዎች ናቸው የፈለፈሏቸው" አለችኝ።

እኔ የማውቀው ታሪክ የትምህርት ቤታችንን የታሪክ መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ገጽ አምስት ላይ ይጀምራል። ስለዚህ ከታሪክ በፊት ማለት ከገጽ አምስት በፊት መሆን አለበት። ከመካ ይዤው የመጣሁትን አሮጌ መጽሐፍ ከፍቼ ሽፋኑን፣ ማውጫውን፣ ባዶውን ገጽ ሳይቀር አገላበጥኩ። ሰው አልነበረም። አብላ ተሳስታለች ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁት።

ብርዱ ሲገባ፣ ማለት የጅዳ ሙቀት ሰው መሆን ሲፈቅድ፣ አብላ በየሳምንቱ አንድ ጠዋት ወደ ሸለቆ ትወስደን ጀመር። መኪናውን የሚነዱት ዐም ሰዒድ የሚባሉ ሽማግሌ ሹፌር ናቸው። ዑስፋንን ካለፍን በኋላ አስፋልቱ ያልቅና በጠጠር ላይ እንንገጫገጫለን። ከዚያ ፀሐይ ያጠቆራቸው ድንጋዮች ይመጣሉ። ሲርቁ ባዶ ናቸው። ቀርበው በጎን ሲያዩዋቸው ግን ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ሰዉ ብቅ ብቅ ይላል። አንድ ግመል አምስት እግር ነበረው። የዚያን ጊዜ ግመሎች አምስት እግር ነበራቸው ብዬ ለዐም ሰዒድ ነገርኳቸው። "ማሻአላህ፣ ታዲያ እንዴት ሰገሩ?" አሉኝ በቁም ነገር። አብላ ጭራው መሆኑን እስክታስረዳኝ ድረስ ስለ ሩጫቸው ሳስብ ነበር።

አብላ አንድ ጥብቅ ሕግ አላት። ምንም ነገር አይነሳም። ታያለሽ፣ ትስያለሽ፣ የነካሽውን ወደ ቦታው ትመልሻለሽ። እሷ ታጣፊ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ትስላለች፤ እኔ ባንክሮ እየዞርኩ አዲስ ምስል ስፈልግ እውላለሁ፤ እቴ ዳቦና አይብ ታቀርባለች፣ ሻይ ትቀዳለች። ድንጋዮቹን ዞር ብላም አታይም። አሰልችቷት ይመስለኝ ነበር።

ሦስተኛው ወይም አራተኛው ጉዟችን ላይ ነው። እቴ ምንጣፍ ልታነጥፍ ጠጠር ስታጸዳ አንድ ገል አነሳች፤ የመዳፍ ያህል የሆነ የሸክላ ስባሪ። እንደ ሌላው ጠጠር ትወረውረዋለች ብዬ ስጠብቅ ቁጭ አለች። አቧራውን በትንፋሿ አራገፈች። ገልብጣ የውስጡን ዐየች፤ አውራ ጣቷን አስገብታ ሞከረች፤ ወደ ግራ እጇ ቀየረችውና እንደገና ሞከረች።

"ሐያት፣ ነይማ" አለችኝ። "ይቺን ያበጀቻት ሴት ግራኝ ናት።"

"በምን ዐወቅሽ?"

"አውራ ጣቷን የተጫነችበትን አየሽ? በቀኝ እጄ ስይዘው አይገጥምልኝም፤ በግራዬ ገጠመ። ጥፍሯም ረዘም ያለ ነው። አፉን የጨረሰችው ተቻኩላ ነው፤ ጭቃው ሊደርቅባት ነበር።"

ምን እንደያዘኝ አላውቅም፤ እየሮጥኩ ሄጄ ለአብላ በአረብኛ አፈነዳሁት። አብላ ወንበሯን ጥላ መጣች። "ይህን እንዴት ልታውቅ ቻለች? ጠይቂያት!"

ዞር ስል የእቴ ፊት ተለውጧል። ገሉን ከነበረበት ጉድጓድ መልሳው አፈር እያለበሰችው ነው።

"እንዲያው መስሎኝ ነው በያት" አለች።

እንዲያው መስሏት ነው አልኳት። አብላ ግን ማስታወሻዋ ላይ አንድ ነገር ጻፈች።

ቤት ገብተን ወጥ ቤት ውስጥ ሩዝ ስንለቅም እቴ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

"ሐያትዬ፣ ሸክላ እንደማውቅ ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ለማንም።"

"ለምን?"

"እኛ አገር ሸክላ ሠሪ ጠይብ ነው የሚባለው። ቡዳ ናቸው፣ ዐይናቸው ሰው ይበላል ይላሉ። አብሮ አይበላም፣ ልጅ አይሰጥም። የእናትሽ ወገኖች ባለመሬት ናቸው። ቢያውቁ ለአባትሽ አይድሩለትም ነበር።"

"አባቴም ሸክላ ይሠራል?"

"አይሠራም። ግን እኔንም እሱንም የወለደችን እናታችን ሸክላ ሠሪ ነበረች።"

በዚያ ቀን መታጠቢያ ቤት ገብቼ የዐይኔን ቆብ በጣቴ ገልብጬ በመስታወት ለረጅም ጊዜ ዐየሁ። ሰው የሚበላ ዐይን ጥርስ ይኖረዋል ብዬ ነበር። ደም ስር እንጂ ሌላ አላገኘሁም፤ የእቴንም ሩዝ ስትለቅም አጎንብሼ ዐየሁት። ደህና ነበር።

አብላ በበኩሏ ሥዕል ብቻውን አልበቃት አለ። እንደ ጥንቶቹ በእጄ ዕቃ ልሥራ፣ በመጪው ዐውደ ርእይ ከሥዕሎቼ መሐል ላስቀምጥ ብላ የሸክላ አፈር በከረጢት አስመጣች። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጎድጓዳ ሳህን አበጀችና ምድጃ ውስጥ ከተተችው፤ ፈነዳ። ሁለተኛውም ፈነዳ። አብላ ጭቃውን ስትነካካ እቴ ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን ታጥባለች፤ የታጠበውን መልሳ ታጥባለች። ወጥ ቤቷ ስለቆሸሸባት ተናዳለች ብዬ ነበር።

ሦስተኛው ሲሰነጠቅ እቴ ስፖንጁን አስቀመጠች።

"ንገሪያት፤ ጭቃው አጥንት የለውም።"

ነገርኳት። አብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ዐም ሰዒድን ጠርታ ወደ ሥጋ ቤት ላከቻቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ የበግ አጥንት የሞላ ፌስታል ይዘው ገቡ። እቴ ፌስታሉን ከፍታ ዐየች፣ እኔን ዐየች፣ አብላን ዐየች፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ጅዳ ከመጣሁ መጀመሪያ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

አጥንት የምትለው ገል ኖሯል። የተሰበረውን ሳህን ወቅጣ፣ በወንፊት ነፍታ፣ ጭቃው ላይ በተነችው። ግቢው ውስጥ ላስቲክ አነጠፈችና ቀሚሷን ሰብስባ በተረከዟ ረገጠችው። ሲዞር፣ ሲታጠፍ፣ ሲረገጥ ዋለ። ከዚያ አንድ ድቡልቡል ጭቃ ይዛ መሐሉን በቡጢዋ ወጋች፤ ግድግዳውን በጣቷ ወደ ላይ እየሳበች ዙሪያውን ራሷ ትዞረዋለች። ዕቃው አይዞርም፤ እሷ ናት የምትዞረው። አብላ መሐረቧን አፏ ላይ ይዛ ቆማ ቀረች። በማግስቱ ገንቦ የሆነውን ጭቃ በለስላሳ ጠጠር እያሸች ስታለሰልሰው የእርጥብ አፈሩ ሽታ እስከ መኝታ ቤት ይሰማ ነበር።

"የድንጋዮቹን ግመል የገንቦው አንገት ላይ ትሳል" አለች አብላ።

"ነፍስ ያለው ነገር አልስልም" አለች እቴ።

"እሺ፣ ያስተማረቻት ሴት ምን ታደርግበት ነበር?"

ይህን ስተረጉምላት እቴ ገንቦውን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ የአውራ ጣቷን ጥፍር በገንቦው አንገት ዙሪያ ዘንበል ዘንበል እያደረገች ጫነች፤ የስንዴ ዘለላ የመሰለ መስመር ወጣ። አብላ በማግስቱ ትልቁን ሸራዋን አውርዳ ከግመሎቹ እግር ሥር ያንን መስመር በቀይ ቀለም ጀመረችው። እኔም አንድ ጉርሻ ጭቃ ተሰጥቶኝ ትንሽ ሳህን ሠራሁ፤ በተምር ፍሬ ግመል ጫርኩበት። አምስት እግር አደረግኩለት። ጭራ መሆኑን ዐውቃለሁ፤ ግን አምስት ያምርበታል።

ያቃጠልነው ከከተማ ወጣ ብሎ ዐም ሰዒድ የሚያውቁት የግመል በረት አጠገብ፣ ከቀትር በኋላ ነው። እቴ ጎድጎድ ያለ ቦታ መርጣ ዕቃዎቹን በደረቅ የግመል ፋንድያና በተምር ዝንጣፊ ሸፈነቻቸው። ጭሱ ዐይን ያቃጥላል። እሷ ነፋሱን እያየች በእንጨት ትቆሰቁሳለች፤ ማንንም አታስጠጋም፣ አብላን ሳይቀር "ወደዚያ በይ!" ብላ በአማርኛ ገፋቻት። አብላ ያለ ትርጉም ገባትና ሸሸች። ከሩቅ ሆና ፎቶ አነሳች። አመዱ ሲገለጥ ሁለት ዕቃ ተሰንጥቋል፤ ገንቦውና የእኔ ሳህን ተርፈዋል። ገንቦው ሆዱ ላይ ጥቁር ደመና የመሰለ ጠባሳ ይዞ ወጣ። እቴ በጣቷ አንኳኳችው፤ ጠራ ያለ ድምፅ ሰጠ።

ዐውደ ርእዩ አብላ ታስተምርበት በነበረው የሴቶች ትምህርት ቤት አዳራሽ ሊሆን ነው። ከመከፈቱ በፊት አብላ ካርቶንና ብዕር ይዛ ወጥ ቤት መጣች።

"ገንቦው መሐል ላይ ይቀመጣል። ከጎኑ ስሟንና እሳት ስትቆሰቁስ ያነሳኋትን ፎቶ አደርጋለሁ። ፈቃዷን ጠይቂልኝ።"

ጠየቅኋት።

"ኧረ በአላህ!" አለች እቴ። "ስሜን እንዳትጽፍ፣ ፎቶዬንም እንዳታወጣ በያት። ለአላህ ብላ ትተወኝ።"

እዚህ ላይ ነው ያጠፋሁት። እናቴ ሰው ቤት ስንሄድ ምግብ ሲቀርብ ወዲያው እሺ ማለት ነውር ነው፣ ሁለት ጊዜ "ጠግቤያለሁ" ብለሽ በሦስተኛው ትበያለሽ ብላ አስተምራኛለች። እቴም እንደዚያ እያደረገች መሰለኝ። ሚስጥር ብላ የነገረችኝን አልረሳሁትም፤ ግን እሱ ለእናቴ ነው፣ ይህ ደግሞ ጅዳ ነው፣ አረቦች ናቸው የሚያዩት ብዬ አሰብኩ። ደግሞም እኔ ከትምህርት ቤት የቀረሁ ልጅ፣ የአክስቴ ስም ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ማየት ፈለግኩ።

"ደስ ይላታል፤ ጻፊው ትላለች" አልኩ ለአብላ።

"ምን አለች?" አለችኝ እቴ።

"እሺ፣ እተወዋለሁ አለች።"

በዚያ ትምህርት ቤት ከሚያጸዱት ሴቶች አንዷ ከድጃ የምትባል፣ ጅዳ ካራንቲና ሰፈር የምትኖር፣ የእናቴ ቀዬ ሰው ነበረች። አረብኛ ማንበብ አትችልም። ፎቶው ግን ንባብ አይጠይቅም።

እኛ ይህን አላወቅንም። አርብ ዕለት እንደ ወትሯችን መካ ሄድን። ሳሎናችን ውስጥ ሦስት እንግዶች ነበሩ፤ አንዷ ሕፃን ታቅፋለች። እቴ "አሰላሙ ዐለይኩም" ብላ ስትገባ ሴትዮዋ የሻሿን ጫፍ ስባ የሕፃኑን ፊት ሸፈነች። ሌሎቹ ወለሉን ዐዩ። እቴ አንድ ጫማዋን አውልቃ አንዱን እንዳደረገች በሩ ላይ ቆመች። እናቴ ግቢ አላለቻትም።

አባቴ ከሱቁ መጣ፤ የስፌት ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው።

"ከድጃ ያለችው እውነት ነው?" አለችው እናቴ።

"የቱ?"

"እናትህ ሸክላ ሠሪ ነበረች?"

አባቴ ሜትሩን አወረደ፤ እየጠቀለለ ቆየ። "ነበረች" አለ። "ጎበዝ ነበረች።"

"ነጋዴ ነበረች ብለኸኝ ነው ያገባኸኝ።"

"ገበያ ወጥታ ትሸጥ ነበር። ሌላውን ግን ደበቅኩሽ።"

እንግዶቹ ተነስተው ወጡ። እናቴ ምሳ አቀረበች፤ ለእኔ ለብቻዬ በሳህን። ራሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ በላች። ቀና ብዬ ሳያት ቶሎ ዐይኗን ከዐይኔ ሰበረች። የወለደችኝ እናቴ ናት። ሳህኔን ወደ ጎን ገፋሁት።

ያኑ ዕለት ወደ ጅዳ ተመለስን። መኪና ውስጥ እቴ በዝግታ፣ "ፎቶውን ትተወዋለች ብለሽኝ አልነበር?" አለችኝ።

"ይሉኝታ ይዞሽ መስሎኝ ነው" አልኩና አለቀስኩ። "ጻፊው ብላለች አልኳት።"

አልመታችኝም፣ አልተቆጣችኝም። እስክንደርስ ድረስ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ቤት ስንገባ አባያዋን ሳታወልቅ እጄን ይዛ አብላ ፊት አቆመችኝ።

"አሁን የምንናገረውን አንድ ቃል ሳትጥይ ንገሪያት። መጀመሪያ ያንቺን።"

የራሴን ውሸት በራሴ አፍ ተረጎምኩ። ከዚያ ጠይብ ምን ማለት እንደሆነ፣ ሕፃኑ ፊቱ እንደተሸፈነ፣ እናቴ እንዴት እንደበላች፣ ሁሉንም። አብላ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"አጥፍቻለሁ" አለች። "በልጅ አፍ መጠየቅ አልነበረብኝም። ነገ ጠዋት ፎቶውንም ስሙንም አወርዳለሁ።"

ለእቴ ነገርኳት።

"ማውረዱ ምን ያደርግልኛል? የሚሰማው ሰምቷል" አለች። "ፎቶውን ታንሳ። ስሙ ይቆይ። ግን የጎደለ አለ። ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ የሷን ስም ትጨምርበት።"

"ስሟ ማን ነው?" አለች አብላ።

ወደ እቴ ዞርኩ። የአያቴን ስም አላውቀውም። አባቴ ጠርቶት አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም።

"መሬማ" አለች እቴ።

አብላ ብዕሩን ለእኔ ሰጠችኝ። በአረብኛ ጻፍኩት፤ ሁለተኛው ፊደል ወፍሮ ወጣ። እቴ ጽሑፉን አታነበውም፤ ግን "ይሄ ነው?" ብላ በጣቷ ተከተለችው።

ዐውደ ርእዩ ካለቀ በኋላ ገንቦው ተመልሶ ወጥ ቤት መስኮት ሥር ተቀመጠ። አባቴ በየቀኑ ይደውላል፤ "እናትሽ ደህና ናት" ይላል፣ ሌላ አይጨምርም። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ በሩ ተንኳኳ። እናቴ ናት። አባቴ ውጭ መኪናው አጠገብ ቆሟል።

"ኢቃማሽ ወጥቷል" አለችኝ። "ልብስሽን ሰብስቢ፤ ትምህርት ቤት ትገቢያለሽ።"

አብላ ሰላም ብላት እኛን ትታ ወደ ክፍሏ ገባች። እናቴ ወጥ ቤት መጥታ ቆመች። እቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወደ ግድግዳው ተጠጋች። እናቴ ገንቦውን ለረጅም ጊዜ ዐየችው፤ አንገቱ ላይ ያለውን የጥፍር መስመር፣ ሆዱ ላይ ያለውን ጥቁር ጠባሳ።

"ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው" አለች እቴ።

"ውሃ ይይዛል፣ ወይስ ለማየት ብቻ ነው?"

"ይይዛል። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አለበት።"

"ቅጂልኝ።"

እቴ አልተንቀሳቀሰችም። "ብርጭቆው ያውና፤ ራስሽ ብትቀጂ ይሻላል" አለች።

"አንቺ ቅጂልኝ ነው ያልኩት።"

እቴ እጇን ታጠበች። ገንቦውን አዘንብላ ቀዳችላት። እናቴ "ቢስሚላህ" ብላ በሦስት ጉንጭ ጠጣችው። እኔ የልብስ ፌስታሌን ታቅፌ ጉሮሮዋን አያለሁ።

"ጨው ጨው ይላል" አለች።

"አፈሩ የባሕር ዳር ነው። ሲውል ይለቃል።"

እናቴ ከንፈሯን በእጇ ጠረገችና ብርጭቆውን መልሳ ዘረጋችላት።

"እንግዲያው ድገሚኝ።"